ትሸጥ፣ አትሸጥ

የታክሲዋ ፍሬን እንቢ ያለው ቁልቁለቱ መሃል ላይ ነው። ሹፌሩ ቀጮ ሲረግጠው ፔዳሉ ጭቃ ውስጥ እንደገባ እግር ስምጥ ብሎ ወለሉ ጋ ደረሰ። ደግሞ ረገጠ። ባዶ ነው። የእጅ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው፤ ገመዱ ቷ ብሎ ተበጠሰና እጀታው ተንጠልጥሎ ቀረ። መኪናዋ ጢም ብላ ሞልታለች። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አንዲት ጎረቤታቸውን እያሙ ይስቃሉ፤ ገና ምንም አልገባቸውም። ከታች መጋጠሚያው ላይ ከፋብሪካ የወጡ ሠራተኞች መንገዱን ሞልተው ያቋርጣሉ።

«ያዙ! የምትይዙትን ያዙ!» ብሎ ጮኸና መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ጣውላ መጋዘኑ ግንብ ጠመዘዘው።

የመኪናዋ ቀኝ ጎን ግንቡን እየፋቀ ወረደ። ብልጭታው በመስኮት ገባ። የኋላው በር እጀታ ተነቅሎ በረረ፣ መስታወቱ ረገፈ፣ ላሜራው እንደሚታረድ ከብት ጮኸ። በመጨረሻ ያቆማት የመብራት ምሰሶ ነው። ከቀጮ አጠገብ የተቀመጠችው ሴትዮ አፏን ዳሽቦርዱ ላይ መታችና ከደም ጋር ጥርሷን መዳፏ ላይ ተፋችው።

 የሴትየዋ ባል ከኋላ ወንበር ተስፈንጥሮ ወረደ። ቀጮ «ፍሬኑ ነው፣ ወንድሜ፣ ፍሬኑ...» ብሎ ሳይጨርስ ሰውየው በመስኮቱ በኩል ጸጉሩን ጨብጦ ጭንቅላቱን ከበሩ ብረት ጋር አላተመው። ሌሎቹም ደረሱ። ጎትተው አወረዱትና አስፋልቱ ላይ ረገጡት። የድንጋጤያቸውን ሁሉ እሱ ላይ ተወጡት። በጫማ የመታው አለ፤ በቀበቶ የገረፈው አለ፤ መኪናዋ ውስጥ እንኳ ያልነበረ መንገደኛ አንድ ሁለቴ ለግቶት እንደ ደህና ሰው መንገዱን ቀጠለ።

«ገዳይ! በዚህ ቆርቆሮ ሰው ይጫናል?»

ቀጮ ጭንቅላቱን በክንዶቹ ሸፍኖ ተጠቅልሎ ተኛ። ያዳኑት ከታክሲ ማዞሪያው ሮጠው የመጡ ሹፌሮች ናቸው፤ እነሱም ሊገላግሉ ገብተው ተደባድበው ነው የወጡት።

መኪናዋ የሁለት ወንድማማቾች ናት። አባታቸው ያወረሳቸው ነጭ አውቶሞቢል ስትሆን፣ ነጭ መባሏ እንኳ ለይሉኝታ ነው። ከሄደችበት መንገድ ብዛት የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ያለውን ቁጥር ጨርሶ ከዜሮ ጀምሯል፤ ከዚያም እሱ ራሱ ሰልችቶት ቆሟል። ታላቅየው ጠዋት ይነዳታል፣ ታናሽየው ከሰዓት ይረከባል። ታላቅየውን አገሩ ሁሉ «ቡጢ» ነው የሚለው። በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር፤ ዛሬም አንገቱ የበሬ፣ ትዕግሥቱ የክብሪት ነው። ታናሽየው ቀጮ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል፣ ምላሱ ግን የሚቆርጥ ልጅ ነው። ቡጢ እንደ ወንድምም እንደ አባትም ሆኖ ስላሳደገው ከ«ጋሼ» በቀር በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። ቢሆንም ከክረምቱ ጀምሮ «ጋሼ፣ ትሸጥ፤ ትሂድና በሌላ እንተካት» ሲል ከርሟል። ቡጢ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ይሰማውና ያልፈዋል።

በዚያን ዕለት ቀጮ ፊቱ አብጦ ቡጢ ቤት ደረሰ። የቡጢ ሚስት፣ ቀጮ «እትዬ» የሚላት፣ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌቷን አቋርጣ ሙቅ ውሃ አቀረበችና በነጭ ጨርቅ ቅንድቡን ትጠርግለት ጀመር። ቡጢ ምግቡን እያላመጠ ሁሉንም ሰማ።

«የፍሬን ዘይት መያዣ ጎማዋ ናት ያፈሰሰችው» አለ በመጨረሻ። «ትቀየራለች።»

«ጋሼ፣ ትሸጥ።»

«ለአንዲት ጎማ? ጥርሱን ያመመው ሰው አንገቱን ይቆረጣል?»

«ባለፈው መሪዋ ነበር። ከዚያ በፊት ካምቢዮዋ። ከዚያ በፊት ራዲያተሯ። ሰውየው ጥርስ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ያላመመው የለም እኮ! እኛ መኪና አይደለም የምንነዳው፤ አስከሬን ነው የምናስታምመው።»

ቡጢ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው ብርጭቆው ዘሎ ወደቀና ተሰበረ። «ያባቴን መኪና አስከሬን አትበል!»

«ያባታችንን» አለ ቀጮ። «አባታችን ደግሞ እንድንነዳት እንጂ አብረናት እንድንቀበር አልሰጠንም።»

ቡጢ ከወንበሩ መነሳቱ አልታየም፤ የእጁ ጀርባ ግን ቀጮ አፍ ላይ ሲያርፍ ሁሉም ሰማ። የተጠረገው ደም እንደገና ፈሰሰ። ሚስቱ ጨርቁን እንደያዘች መሃላቸው ገባች።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? መንገደኛ ደብድቦት መጣ፤ አንተ የተረፈውን ልትጨርስ ነው?»

 ቡጢ በግራው በኩል ቆማ ስትናገር እሷ የሌለች ይመስል ፊቱን እንኳ አላዞረም። ኮቱን አንስቶ ወጣ። እሷ የበሩን መዘጋት አዳመጠችና «ለምዶበታል» አለች፣ ለቀጮ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ።

በማግስቱ መኪናዋን ጎትተው ጋራዥ አስገቧት። መካኒኩ እጁና ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ከሥር ገብቶ ብዙ ቆየ፤ ሲወጣ እጁን በጋዝ እየታጠበ ለቡጢ ነገረው።

«ፍሬኑ ቀላል ነው። ሻንሲዋ ግን ተሰንጥቋል። አጥንቷ ማለት ነው። ዝገቱ ከውስጥ በልቶ ጨርሶታል።»

«በይደው።»

«እበይደዋለሁ። ግን የምበይድበት ብረት የለም እኮ፤ ዝገትን ከዝገት ነው የምሰፋልህ። ጉድጓድ ውስጥ አንድ ቀን ለሁለት ትገመሳለች። እኔ ልጄን አላሳፍርባትም።»

«ልጅህን አሳፍር ያለህ የለም። በይድ ነው ያልኩህ።»

መካኒኩ ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ መኪናዋን ዞር ብሎ እያየ «ይሄ ግራ ጎኗ ግን ምን በድሏችሁ ነው?» አለ። እውነቱን ነው። ቀኟን ትናንት ግንብ ፋቃት፤ ግራዋ ግን ቀድሞ የተጋጨ፣ የተቧጨረ፣ የተጨማደደ ነበር። የግራው ስፖኪዮ፣ የጎን መስታወቷ፣ ስንት ጊዜ ተሰብሮ እንደተተካ ማንም አያስታውሰውም። ቡጢ ሁልጊዜ ሞተረኞችን ይራገማል፤ ሞተረኛ ሲጠፋ ደግሞ ቀጮን ይረግማል። ቀጮም እኔ አይደለሁም ማለት ከሰለቸው ቆይቷል።

ቡጢ ሲሄድ ቀጮ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ አሰበ። ጥርሷን መዳፏ ላይ የተፋችው ሴትዮ ከፊቱ አልጠፋም አለችው። በግራ እጇ የእሱን እጅጌ ይዛ ነበር፤ ለመምታት አይደለም፣ እንዳትወድቅ ነው። መኪናዋ ለሁለት ስትገመስ እዚያ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ ይሆን? ይህን አስቦ ሲያበቃ ብረት ገዢው ዘንድ ሄደ።

ብረት ገዢው ያረጁ መኪናዎችን እየገዛ አስቆርጦ የሚሸጥ፣ በጎን ደግሞ ደህና መኪና የሚያገናኝ ደላላ ነው። አንገተ ወፍራም፣ የክብሪት እንጨት ከአፉ የማይጠፋ። «አንድ ጡረታ የወጣ መምህር የሚሸጣት አለች፤ ከትምህርት ቤትና ከቤቱ ሌላ መንገድ አታውቅም» አለው። «ያንተዋን እኔ እወስዳለሁ፣ በላዩ ትጨምራላችሁ፣ ያቺን ትነዳላችሁ። ወንድምህ ተስማምቷል?»

ቀጮ «ይስማማል» አለ። ውሸት ነው፤ ግን ተስፋም ነበር።

ብረት ገዢው በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናውን ይዞ ጋራዡ ግቢ ሲገባ፣ ቡጢ ብየዳውን ሊያይ መጥቶ ቆሟል። ቀጮ ሮጦ ቀድሞ ሊያስረዳው ፈልጎ ነበር፤ አልደረሰም። ብረት ገዢው መኪናዋን ከኋላ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረጋትና ሳቀ።

«ይቺን ነው እንዴ የደበቃችሁብኝ? አይዞህ ወዳጄ፣ የሞተ ይቀበራል። ታናሽህና እኔ ጨርሰናል።»

ቡጢ ወደ እሱ የተራመደው ቀስ ብሎ ነው። ክብሪቱን ከሰውየው አፍ በሁለት ጣቱ አወጣ፣ ጣለው፣ ኮሌታውን ጨበጠና በቴስታ አፍንጫውን አለው። አፍንጫው እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። ብረት ገዢው ዘይት ያቆረ መሬት ላይ በቂጡ ወደቀ፤ ቡጢ ግን አልተወውም፤ ሆዱን ረገጠው፤ ሲጠቀለል ወገቡን ረገጠው። የጭነት መኪናው ሹፌር አልወረደም፤ መስኮቱን ዘጋ።

«ጋሼ! ተው! እኔ ነኝ የጠራሁት!»

ቡጢ ዞረ። የቀጮን ጉሮሮ በአንድ እጁ ይዞ እስከ መኪናዋ ገፋውና ኮፈኑ ላይ አስተኛው። እጁ ጉሮሮው ላይ ጠበቀ። ቀጮ ከላዩ የታላቁን ፊት አየ፤ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ይታያል፤ የሚያውቀው ፊት አልመስል አለው። ትንፋሽ አጠረው። እጁ ኮፈኑ ላይ ሲዳብስ መካኒኩ የተወው የጎማ መፍቻ ብረት አገኘ። እንዲሸሽ ብሎ ነው ያነሳው። ብረቱን ወደ ጎን አርቆ፣ ሰፊ አድርጎ፣ ቦክስ የማያውቅ ሕፃን እንኳ በሚያመልጠው አሰነዛዘር ከቡጢ ግራ በኩል ሰነዘረው።

ቡጢ አልሸሸም። ትከሻውን አልሰበሰበም፣ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። ብረቱ ትከሻውና አንገቱ መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ የሚዘገንን ድምፅ ተሰማ። ጉሮሮውን ለቀቀና በጉልበቱ ወደቀ።

ቀጮ ሳል እየናጠው ብረቱን ጣለ። ቀጮ ልጅ ሳለ ወንድሙ ከጀርባው የተወረወረ ድንጋይ ሳያይ የሚሸሽ ሰው ነበር። ቡጢ ተንበርክኮ፣ አንገቱን እንደ ዶሮ ወደ ግራ ሰብሮ የመታውን ይፈልጋል። ቀጮ ጎንበስ አለና እጁን ከግራ በኩል ወደ ፊቱ አስጠጋ። ሽፋሽፍቱ ጋ እስኪደርስ ድረስ ያ ዓይን አልተንቀሳቀሰም።

«ጋሼ» አለ። «ግራ ዓይንህ...»

«ዝም በል» አለ ቡጢ ጥርሱን ነክሶ። «ሰው አለ። ዝም በል።»

ሐኪም ቤት የአንገቱ ሥር አጥንት መሰበሩን አይተው ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰሩለት። ነርሷ ስትወጣ ቀጮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ አውቆ በቀኝ በኩል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ቡጢ ጣሪያውን እያየ መለሰ። «ከመናኸሪያው ፀብ ወዲህ። የቀበቶ ዘለበት አርፎበት አልነበር? መጀመሪያ ጭጋግ ነበር። ይለቃል ብዬ ጠበቅኩ። ጭጋጉ አልለቀቀም፤ ጨለመ።»

«ያ ፀብ እኮ ድሮ ነው!»

«ድሮ ነው።»

«በአንድ ዓይን ሰው ስትጭን ኖርክ? ሕፃን ያቀፈች እናት ስትጭን? ስፖኪዮውን ማን ሰበረው ብለህ እኔን ስታንቀኝ?»

«ይቺን መኪና በዓይኔ አይደለም የምነዳት። ስፋቷን ትከሻዬ ያውቀዋል፣ ርዝመቷን ወገቤ ያውቀዋል። ሌላ መኪና ስታመጣ አዲስ ስም፣ አዲስ ምርመራ፣ ዓይንህን አሳይ ይመጣል። ባይመጣም አላውቃትም። ከሷ ላይ ስወርድ ከሹፌርነት ወረድኩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምን ልባል?»

ቀጮ ተነሳ። ቡጢ አልጋ ላይ ባይሆን ኖሮ ዳግም ይመታው ነበር። «ሰው ገዳይ ከመባል ምንም ብትባል ይሻላል» አለው።

«ለእትዬህ አትንገራት።»

ቀጮ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

መኪናዋን ከጋራዡ አውጥተው ቡጢ ግቢ አቁመዋት ነበር፤ መካኒኩ «ደም የፈሰሰበትን ሥራ አልጨርስም» ብሎ መልሷታል። ቡጢ ከሐኪም ቤት የወጣ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የግቢው የቆርቆሮ በር በእግር ተደበደበ። ቀጮ ሲከፍት ብረት ገዢው ነው። አፍንጫው በፋሻ ተሸፍኖ ዓይኖቹ ከሥሩ ጠቁረዋል፤ ከኋላው ሁለት ጫኞች ቆመዋል፤ አንደኛው የብረት ዘንግ ይዟል።

«ተስማምተናል» አለ ብረት ገዢው በተደፈነ አፍንጫው። «ቃል ቃል ነው። መኪናዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ከሁለት ቀን በፊት ቢሆን ቀጮ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትለት ነበር። አሁን ግን በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ። «የተስማማሁት እኔ ነኝ፤ የግማሹ ባለቤት አልተስማማም። ዋሽቼህ ነው። ይቅርታ፤ ሂድ።»

«ለአፍንጫዬም ይቅርታ ትለዋለህ?» አለና ለጫኞቹ ምልክት ሰጠ።

የመጀመሪያው ጫኝ ቀጮን ደረቱን ገፍቶ ጣለው። ሁለተኛው በላዩ ተራምዶ ገባና ዘንጉን በመኪናዋ የፊት መስታወት ላይ አወረደው። መስታወቱ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጠቀና ወደ ውስጥ ረገፈ። ቀጮ ተነስቶ ጀርባው ላይ ወጣ፤ ጆሮውን ነከሰው። ሰውየው እየጮኸ ከግድግዳ ጋር አላተመው። የቀጮ ትንፋሽ ቁርጥ አለ፤ የጎኑ አጥንት ሲሰበር ተሰማው፤ ግን አልለቀቀም።

ቡጢ በጩኸቱ ወጣ። ክንዱ ደረቱ ላይ ታስሯል፣ ሸሚዙን በአንድ ትከሻው ነው የጣለው። ብረት ገዢው ሲያየው ወደ ኋላ አለ፤ የመጀመሪያው ጫኝ ግን የታሰረውን ክንድ አየና ተደፋፈረ። ቡጢ በቀኙ አገጩን ሲለው ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ባልዲ ላይ ወደቀ። ከዚያ ተነሳና ዞሮ፣ በግራ በኩል መጣ።

«ግራ!» ብሎ ጮኸ ቀጮ፣ ሌላኛው ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ። «ጋሼ፣ ግራህን!»

ቡጢ ዞሮ በቀኝ ክርኑ ተቀበለው። ጥርስ ረገፈ። ቀጮ ከሰውየው ጀርባ ወርዶ፣ ጎኑን ይዞ፣ እየተንገዳገደ ወንድሙ ግራ ትከሻ ሥር ሄዶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እንደ አንድ ሰው ተዋጉ። ቀጮ «ግራ! ዝቅ! መጣ!» ይላል፣ ቡጢ ይመታል። ቡጢ የሳተውን ቀጮ ይረግጣል። ዘንጉ የቀጮን ጭን አገኘው፤ ቡጢ ዘንጉን በባዶ እጁ ያዘና ነጠቀው። የታሰረው ክንዱ ተፈትቶ ወርዶ ነበር፤ አጥንቱ እንደገና ሲላቀቅ እንደ አውሬ አጓራ።

በዚህ መሃል የቡጢ ሚስት ከኩሽና ዘነዘና ይዛ ብቅ አለች።  ብረት ገዢው ከጠመንጃ ይልቅ ሴት የያዘችው ዘነዘና ያስፈራው ይሆናል፤ እግሬ አውጪኝ አለ። እሷ ግን አንዱን ጫኝ ጉልበቱ ላይ አግኝታው ነበር። ሰዎቹ አንዱ አንዱን እየጎተቱ ወጡ። የቆርቆሮው በር ተንገጫግጮ ተዘጋ፤ ግቢው ውስጥ የሦስቱ ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

ሚስትየው ዘነዘናዋን መሬት አስደግፋ ሁለቱን አየቻቸው። ቀጮ ከንፈሩ ተተርትሮ ደም ይተፋል። ቡጢ ክንዱን አቅፎ የመኪናዋ ጎማ ላይ ተደግፏል።

«ለምንድን ነው ግራ፣ ግራ የምትለው?» አለች ቀጮን።

ቀጮ ወንድሙን አየ። 

«አላይበትም» አለ ቡጢ። «በግራዬ አላይም። ከመናኸሪያው ፀብ ወዲህ።»

ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። «ማታ ማታ በግራህ ስቀመጥ...» አለች። «ሳዋራህ ፊትህን የማታዞርልኝ። ፈገግ ስልልህ የማትመልስልኝ። ንቆኝ ነው፣ ሰልችቼው ነው ብዬ ስንቱን ሌሊት... አንተ! ወንበሬን አዙሬ ልቀመጥ እንኳ አንድ ቃል ጠፋህ?»

በመዳፏ ደህናውን ትከሻውን መታችው። ደግማ መታችው፤ ሦስተኛው ላይ እጇ እዚያው ቀረና ግንባሯን ደረቱ ላይ ጥላ አለቀሰች። ቡጢ ደህና እጁን የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። በመጨረሻ ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጠው።

«ትሸጥ» አለ ወደ ቀጮ ሳያይ። «ለዚያ ሰውዬ ግን አይደለም።»

ፀቡን የታክሲ ማዞሪያው ሽማግሌዎች ፈቱት፤ ብረት ገዢው አንደኛ ዋሽታችሁኛል፣ ሁለተኛ አፍንጫዬ አልተቃናም እያለ እያጉረመረመ ይቅር አለ። መኪናዋን መካኒኩ ዕቃ ዕቃዋን አውጥቶ የቀረውን ሊቆርጥ ወሰዳት። የመቁረጫ እሳቱን ሲያቀጣጥል ቡጢ «ቆይ» አለው። ከጥግ መዶሻ አነሳ። በአንድ እጁ በሩን መታው፤ ጣሪያውን መታው፤ ያን የቆመ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከዳሽቦርዱ እስኪወጣ መታው። ሹፌሮች ተሰብስበው ቆመው ያያሉ፤ የሚስቅ የለም። ላብና እንባው ተቀላቀለ። ክንዱ ሲዝልበት ቀጮ መዶሻውን ከእጁ ወሰደና ከቆመበት ቀጠለ። ቀጮም የሚመታበት የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ቅንድቡ ላይ ቁስሉ ገና አልደረቀም። ሲበቃቸው ቡጢ ለመካኒኩ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠው፤ እሳቱም ሻንሲዋ ላይ አረፈ። ዝገቱ መካኒኩ እንዳለው ነው፤ ብረቱ ሳይቆረጥ እየተፈረፈረ ወደቀ።

የመምህሩን መኪና በቀጮ ስም ወሰዱ። ቡጢ ማዞሪያው ላይ ተራ አስከባሪ ሆነ። ሥራው ልኩ ነው፤ ድምፁ ከዳር ዳር ይሰማል፣ ተራ የሚዘል ሹፌርም ያንን አንገት አይቶ መሪውን ይመልሳል። መጀመሪያ ሰሞን ግን አንድ እንግዳ ሹፌር «ዓይነ ስውር ደግሞ ተራ ያስከብራል?» ብሎት በመስኮቱ ጎትቶ ሊያወጣው ነበር፤ ሌሎች ይዘው ነው ያስጣሉት። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ከወንበሩ በቀኝ በኩል አዙራ አገኛት፤ ያን ማታ ብዙ አወራ።

የአንገቱ ሥር አጥንት ጎብጦ ነው የገጠመው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ያመዋል። አንድ ጠዋት ቀጮ ወደ ማዞሪያው ሲወስደው ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቡጢ ትከሻውን እያሸ በአዲሷ መኪና ማርሽ ከቀጮ ጋር ይነታረካል።

«ሁለተኛውን ምን እንዲህ ታስጮኸዋለህ? ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጥ።»

«ረግጫለሁ።»

«አልረገጥክም። ሰምቻለሁ እኮ።»

ትንሽ ሄዱ። ቀጮ መንገዱን እያየ «ያምሃል?» አለው።

«ክፉኛ ነው የመታኸኝ።»

«አንተም አንቀኸኝ ነበር።»

«አንቄህ ነበር» አለ ቡጢ። ማዞሪያው ጋ ሲደርሱ በሩን ከፈተና፣ መኪናዋ ጨርሳ ሳትቆም ወርዶ፣ ከፊት መስመር የጣሰ አንድ ሚኒባስ ላይ እየጮኸ ሄደ።